ኪራዩን አትንካ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? ሳሉስ ለቀቀህ? እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች። እዚያ እንግሊዝ አገር ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረስ ውድድር ትሄዳለህ፣ ደሞዝ ሲገባም ትወራረዳለህ አሉ። ልቆጣህ አይደለም የምጽፈው። ግን አጎትህን ታውቀዋለህ። የኪራዩን ገንዘብ እንዳትነካ።

መሄዱ ካልቀረ የውድድሩን ካርድ፣ ያንን ፈረሶቹ የተዘረዘሩበትን ወረቀት፣ በደንብ አንብብ። ከፈረሱ ስም አጠገብ የተደረደሩት ቁጥሮች ባለፉት ውድድሮች ስንተኛ እንደወጣ ይናገራሉ፤ የቅርቡ በስተቀኝ ጫፍ ያለው ነው። 0 ካየህ አስረኛ ወይም ከዚያ በታች ወጥቷል ማለት ነው። ኤፍ (F) ካየህ ወድቋል፣ ፒ (P) ካየህ ደግሞ ጋላቢው መሀል ላይ አቁሞታል። ሲዲ (CD) የሚል ካለበት በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ርቀት አሸንፎ ያውቃል፤ እኔ እሷን ምልክት እወዳታለሁ።

ሬቲንጉ፣ ለፈረሱ ብቃት የሚሰጠው ነጥብ፣ እሱ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። አንድ ነጥብ አንድ ፓውንድ ክብደት ነው። በሃንዲካፕ ውድድር 80 የተሰጠው ፈረስ 70 ከተሰጠው 10 ፓውንድ አብልጦ ይሸከማል፤ ሁሉም እኩል እንዲደርሱ ታስቦ ነው። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር አይተህ «በቃ ይሄ ነው» አትበል፣ ብልጫውን ጀርባው ላይ ጭነውበታል። ክብደቱ ጋ 9-7 የሚለው 9 ስቶን ከ7 ፓውንድ ነው፣ አንዱ ስቶን 14 ፓውንድ። የአንዱን ድርጅት ሬቲንግ ከሌላው ጋር አታደባልቅ። ፍራንክል የሮጠባቸውን 14 ውድድሮች በሙሉ ያሸነፈ ፈረስ ነው፤ በ2012 የዓለም ደረጃ አውጪዎቹ 140 ሲሰጡት ታይምፎርም የሚባለው የእንግሊዝ ሬቲንግ አውጪ ድርጅት 147 ሰጥቶታል። ፈረሱ ያው አንድ ፈረስ ነው።

አጎትህ ካርድ በማንበብ የሚደርስበት አልነበረም። እርሳሱን በምላሱ እያረጠበ ዳር ዳሩን ሁሉ ይሞላው ነበር። አንድ ቀን በተከታታይ ሁለቴ ያሸነፈ ፈረስ አገኘና ስሙን ከበበው። ሌሊቱን ግን ዘንቦ ሜዳው ጭቃ ሆኗል፣ ፈረሱ ያሸነፈው ደግሞ በደረቅ መሬት ነው፣ ሬቲንጉም ከፍ ብሎ ክብደት ተጨምሮበታል። ይህን ሁሉ በገዛ አፉ ነገረኝ እኮ! ነግሮኝ ሲያበቃ ሄዶ የወሩን ኪራይ አስያዘበት። ፈረሱ እስከ መጨረሻው ቀጥታ መንገድ ድረስ ሲመራ ቆይቶ እግሩ ከዳው፣ ስድስተኛ ወጣ። አጎትህ ከቤቱ ወጥቶ ሰው ጋ ተጠግቶ ከረመ፤ አያትህ እስክትሞት አላወቀችም። ማንበብ አላነሰውም፣ ልጄ። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

እና ኪራዩን አትንካ። ደሞዝ የገባ ዕለት መጀመሪያ እሱን ክፈልና ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ በየወሩ እጠብቃለሁ። ቅዳሜ ስትሄድ የባንክ ካርድህን ቤት ተወው፤ ቢጠፋ የማትጨነቅበትን ገንዘብ ብቻ ያዝ። ካርዱ ላይ የምትጽፈው የሜዳውን ሁኔታ ካየህ በኋላ ይሁን። ሳሉ ካልተወህ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ነገ ዛሬ አትበል። ለእህትህም ደውልላት፤ ስለነገረችኝ እንዳትቀየማት፣ ጨንቋት ነው።

አባትህ