የጣና ጀልባዎች ለምን ይነዝራሉ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና የተቀራረበ ይሆናል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ደቅ ደሴት የሚሻገር ሰው ማልዶ ይሳፈር፤ ማቅለሽለሽ የሚያስቸግረው ከሆነ መሐል ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ።

ንዝረቱን ግን በማዕበል ማሳበብ አይገባም። ሞተሩ ማርሽ ሳይገባም ከነዘረ፣ መጀመሪያ የሞተሩ የጎማ መቀመጫ ይታይ። ጎማው ናፍጣና ዘይት ሲነካው ይላላል፤ ሞተሩ ዝቅ ይልና ፕሮፔለሩን (ጀልባውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ መዘውር) ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የነበረው መስመር ይዛነፋል፤ ቀጥሎ የዘንጉ ማሸጊያ ተበልቶ ውሃ ያስገባል። ማርሽ ሲገባ ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ፕሮፔለሩ ላይ እምቦጭ ወይም የመረብ ክር ተጠምጥሟል፣ አለዚያም ድንጋይ ነክቶ ክንፉ ተጣሟል። ሞተሩ ጠፍቶ ፕሮፔለሩ ይጽዳ። ባለ ጀልባዎች፣ እባካችሁ፣ መንገደኛ ከመጫናችሁ በፊት ይህን ፈትሹ።

ከባሕር ዳር፣ ጎጃም