ባዘዝነው ፋንታ ሌላ ሞጁል ስለመላካችሁ የቀረበ ቅሬታ

ግንቦት 2017 ዓ.ም

ለድርጅታችሁ የሽያጭ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአናሎግ አውትፑት ሞጁል እንዲቀየርልን ስለመጠየቅ

የምጽፍላችሁ ከወተት ማቀነባበሪያ ፋብሪካችን የጥገና ክፍል ነው። በስልክ ደጋግመን ብንነጋገርም ጠብ ያለ ነገር የለም። ስለዚህ ነገሩን በጽሑፍ ማድረግ ግድ ሆነብን።

ያዘዝነው አራት ቻናል ያለው፣ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር የሚያወጣ የፒኤልሲ አናሎግ አውትፑት ሞጁል ነው። ፒኤልሲ ማሽኖቹን የሚያዝ ኮምፒውተር ነው፤ ሞጁሉ ደግሞ ትዕዛዙን በኤሌክትሪክ ምልክት ወደ እንፋሎት ቫልቩ ያደርሳል። ፕሮፎርማችሁም ደረሰኛችሁም ይህንኑ ይላሉ። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውም እንደዚያው ነው። ከውስጥ የወጣው ግን ከ0 እስከ 10 ቮልት ብቻ የሚያወጣ ሞጁል ነው። ጎኑ ላይ የታተመው ቁጥር ከካርቶኑ ቁጥር ጋር አይገጥምም። ፒኤልሲውም ፕሮግራሙ ላይ የተመዘገበውን ሞጁል ስላላገኘ ቀይ መብራቱን አብርቶ ቀረ። ጠረጴዛ ላይ አድርገን ግማሹን እንዲያወጣ ስናዘው መልቲሜትሩ 5 ቮልት ያነባል። እኛ የምንፈልገው 12 ሚሊ አምፒር ነበር።

ሌላም አለ። የተርሚናሉ ብሎኖች ጭንቅላት ላይ የካቻቢቴ ጭረት ይታያል። ከአንዱ ብሎን ሥር ቁራጭ የመዳብ ክር ተጣብቆ ቀርቷል። አዲስ በተባለ ዕቃ ላይ ማን ገመድ እንዳሰረበት ልትነግሩን ይገባል። እኛ የከፈልነው የአዲስ ዋጋ ነው።

ቴክኒሻናችሁ የሰጡንን ምክር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። «ባለ 500 ኦም ሬዚስተር ጣል አድርጉበት፣ ያው ነው» አሉን። ያው አይደለም። 10 ቮልት ለ500 ኦም ሲካፈል 20 ሚሊ አምፒር ይመጣል፤ ወረቀት ላይ ልክ ነው። ምልክቱን ተቀብሎ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ፖዚሽነር ግን የራሱ ኦም (ከረንት የሚገታ ተቃውሞ) አለው፤ እሱ ሲደመርበት በሚሊ አምፒር የሚለካው ከረንት ይወርዳል። የባሰው ደግሞ የራሱ የሞጁሉ ዴታሺት (የአምራቹ መግለጫ) ላይ ያለው ነው። የሚገናኘው ጭነት ከ1000 ኦም ማነስ የለበትም ይላል። 10 ቮልት ለ1000 ኦም 10 ሚሊ አምፒር ነው። ቀሪው 10 ከየት ሊመጣ ነው? ምክሩን ሰምተን ብንሠራበት ኖሮ «እናንተ ናችሁ ያቃጠላችሁት» መባላችን አይቀርም ነበር።

ከረንት የጠየቅነው ለቅንጦት አይደለም። ከፓኔሉ እስከ እንፋሎት ቫልቩ ያለው ገመድ ረጅም ነው፤ በፓምፕ ሞተሮችና የሞተር ፍጥነት በሚቆጣጠሩ ኢንቨርተሮች አጠገብ ያልፋል። ቮልት መንገድ ላይ ይቀንሳል፣ የሞተሮቹንም ረብሻ ይለቅማል። ከረንት ግን በዚህ ጫፍ የገባው በዚያ ጫፍ ያው ነው። ደግሞም 4 ሚሊ አምፒር ሲሆን ቫልቩ እንዲዘጋ ታዟል ማለት ነው፤ 0 ሲሆን ግን ገመዱ ተበጥሷል። ቮልቱ ከ0 ሲጀምር ሁለቱን መለየት አይቻልም።

አሁን እንፋሎቱን የሚቆጣጠረው ሠራተኛ ነው። ቴርሞሜትሩን እያየ ቫልቩን በእጁ ያዞራል። ወተቱ በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ መቆየት አለበት። ሙቀቱ ትንሽ ወረድ ካለ መላሹ ቫልቭ ወተቱን ወደ ኋላ ይልከዋል። ለጤና ጥሩ ነው፤ ለሥራው ግን ያው ወተት ሲመላለስ ይውላል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ገበያው በሞቀበት ሰዓት ነው ይህ የደረሰብን።

ሽያጭ ክፍላችሁ የሰጠን መልስ ሁለት ነው። አንደኛው «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም» የሚል ነው። ካርቶኑ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ሆኖ ሳለ ሳንከፍት በምን እንወቅ? በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የተረከበውን ዕቃ ፈጥኖ እንዲመረምር ያዛል። ሻጭ ደግሞ ያስረከበው ዕቃ ከውሉ ጋር እንደሚስማማ ዋስ ነው ይላል። እኛ የድርሻችንን አድርገናል።

ሁለተኛው «ዶላር ስለጨመረ ልዩነቱን ክፈሉና እንቀይርላችሁ» የሚል ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንደሚወሰን እናውቃለን፤ እኛም የምንኖረው እዚሁ አገር ነው። ልዩነቱን የምንከፍለው ግን አዲስ ትዕዛዝ ብንሰጥ ነበር። ይህ የድሮው ትዕዛዝ ነው፤ ሙሉ ሒሳቡም ተከፍሏል።

ስለዚህ ያዘዝነው ሞጁል በደረሰኙ ዋጋ፣ አዲስና እሽጉ ያልተነካ ሆኖ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲላክልን እንጠይቃለን። እጃችሁ ላይ ከሌለ ገንዘባችን ይመለስ፤ ከሌላ ቦታ እንገዛለን። የተላከውን ሞጁል እስከ ካርቶኑ አስቀምጠነዋል። ሰው ልካችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ያ ቁራጭ ክርም እስካሁን እንዳለ ነው። የደረሰኙ ኮፒና የሞጁሉ ፎቶዎች ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። መልሳችሁ በጽሑፍ ይሁንልን።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለግዥ ክፍል
ለፋይናንስ ክፍል