ጣሪያው ቆመልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ከአንድ ወር በላይ የጠፋሁባችሁ የሽምብጥ ጎረቤቶቼና እንጀራ ደንበኞቼ፣ ደህና ነኝ። ተመስገን።

አንድ ሌሊት በቀኝ ጎኔ ስገላበጥ ጣሪያው ዞረ። ቤቱ ከነግድግዳው ሲሽከረከር አልጋውን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ፤ ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ፣ ከዚያ ማስመለስ። ልብስ ላሰጣ ቀና ስልም፣ ምጣዱ ላይ ጎንበስ ስልም ያው ነው። ደም ማነስ ነው ተባለ፣ ግፊት ነው ተባለ፣ ክኒን ተሰጠኝ። አደነዘዘኝ እንጂ አላቆመልኝም። ተቀምጬ ማደር ለመድኩ።

እማማ፣ ጠዋት ማታ አጥሚት ይዘው የመጡልኝ፣ ልጆቼን ያበሉልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የባጃጁ ወንድሜ ደግሞ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስሄድ በየጉድጓዱ «እህቴ፣ አሁን ትነቀንቃለች» እያልክ አድርሰኸኝ ሒሳብም አልቀበልም ያልከው፣ ተባረክ።

ፊዚዮቴራፒስቷ እህቴ፣ አንቺን በምን ቃል ላመስግንሽ? ጭንቅላቴን ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ አዙረሽ ድንገት በጀርባዬ ስታጋድሚኝ ጮህኩ። «እንዳትጨፍኚ፣ እኔን እዪኝ» አልሽኝ፤ ዓይኔ ሲንቀጠቀጥ አይተሽ ነው ያወቅሽው። ጆሮ ውስጥ ደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች አሉ፣ ከቦታቸው ተላቀው ሚዛን ወደሚጠብቁት ፈሳሽ ያለባቸው ቱቦዎች ሲገቡ ሰው የሚሽከረከር ይመስለዋል ብለሽ አስረዳሽኝ። ክኒን አያወጣቸውም፣ አንከባልለን ነው የምንመልሳቸው አልሽ። ጭንቅላቴ ከአልጋው ጫፍ ወደ ታች ዘንበል ብሎ በእጅሽ ላይ እንዳለ 30 ሰከንድ ያህል ጠበቅሽ። ወደ ግራ 90 ዲግሪ አዞርሽኝ፣ ጠበቅሽ። በግራ ጎኔ አስተኝተሽ አፍንጫዬን ወደ ወለሉ መለስሽ፣ አሁንም ጠበቅሽ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ አስቀመጥሽኝ። ደገምሽው፤ በሁለተኛው ጊዜ ዓይኔ ዝም አለ። እኔም አለቀስኩ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1992 በጽሑፍ ያስተዋወቀው ጆን ኤፕሌይ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው አልሽኝ፣ እሱንም ይባርከው።

እንደኔ የሚዞርባችሁ ካላችሁ፣ ስትገላበጡ የሚመጣ መሆኑን ለሐኪም በግልጽ ንገሩ። አንገታችሁን የሚያማችሁ ግን ቪዲዮ አይታችሁ ዘዴውን በራሳችሁ አትሞክሩ። እጅ እግር ከዛለ ወይ አፍ ከተሳሰረ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላልና ቶሎ ሆስፒታል ሂዱ። የኔውም ሊመለስ ይችላል ብላኛለች፤ አሁን ግን ወዴት እንደምሄድ አውቃለሁ።

ትናንት በቀኝ ጎኔ ተኝቼ አነጋሁ። ማክሰኞ ምጣዱ ይጣዳል። እሁድ ደግሞ ቡናው እኔ ጋ ነው፣ እማማ፣ ረከቦቱን እኔው አቀርባለሁ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ይጠጡ።