ሰዓቱ አጠረ፤ ዋጋውስ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የሰሜን አሜሪካው ከፍተኛ የቤዝቦል ሊግ፣ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ለኳስ ወርዋሪው የሰከንድ ገደብ ካበጀለት ወዲህ፣ ቀድሞ በአማካይ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የዘጠኝ ኢኒንግ (ዙር) ጨዋታ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ መውረዱ፣ በሥራ ቀን ምሽት ልጆቹን ይዞ ስታዲየም ለሚገባ ወላጅ ትልቅ እፎይታ ነው።

የዋጋው ነገር ግን ዛሬም ያሳስበኛል። ትኬቱ በቅናሽ ቢገኝ እንኳ የመኪና ማቆሚያው፣ ሆትዶጉና ለስላሳው ተደምረው ከትኬቱ ሊበልጡ ስለሚችሉ፣ ክለቦች ቢያንስ ለልጆች ምግብ ተመጣጣኝ ዋጋ ሊወስኑ፣ ውኃ ይዞ መግባት የሚፈቀድ መሆን አለመሆኑንም ትኬቱ ላይ በግልጽ ሊያሰፍሩ ይገባል።

እንደኛ እግር ኳስ እያየ አድጎ ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሕጉ ራሱ እንግዳ ነው። ልጄ ኳሷ ሳትነካው ሯጩ ለምን ከጨዋታ እንደወጣ ሲጠይቀኝ መልስ የሰጠው አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። ዳኞች ከ2022 ጀምሮ በቪዲዮ የተመረመረን ውሳኔ በማይክሮፎን ማሳወቃቸው መልካም ጅምር ነውና፣ የሌሎቹም ውሳኔዎች ምክንያት በትልቁ ስክሪን ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቤዝቦል ተመልካች