መንገዱን የጠረጉትስ?

ውድ አዘጋጅ፦

ስለ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ስትጽፉ ሁሌ የምታነሱት ኳርተርባኩን፣ ኳስ እየወረወረ ጥቃቱን የሚመራውን ተጫዋች ነው። ከፊቱ ቆመው የሚጋፈጡለት አምስቱ ግዙፎች፣ ኦፌንሲቭ ላይን የሚባሉትስ? አልፈርድባችሁም፤ እኔም መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔ ከኳሷ አይነቀልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2020 ቡድኑ 2 አሸንፎ 4 ተሸነፈ። በ2021 የታይት ኤንዶች (ከመስመሩ ዳር ሆነው የሚጋፈጡም ኳስ የሚቀበሉም ተጫዋቾች) አሰልጣኝ የነበረው ሼሮን ሙር ኦፌንሲቭ ላይኑን ተረከበ። በዚያው ዓመት ኦሃዮ ስቴትን 42 ለ 27 ሲረቱ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሀሰን ሃስኪንስ ብቻውን 5 ተችዳውን (ኳሷን ተጋጣሚ የግብ ክልል ማድረስ) አስቆጠረ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልካድኩም። ግን መንገዱን ማን ጠረገለት?

ለምርጥ ኦፌንሲቭ ላይን የሚሰጠውን የጆ ሙር ሽልማት በ2021ም በ2022ም የወሰዱት እነሱ ናቸው። (የስሙ ከአሰልጣኙ ጋር መገጣጠም እንዲያው አጋጣሚ ነው።) እባካችሁ፣ በሚቀጥለው እትም እነሱንም አንሱልን።

አንባቢያችሁ