ጎተራውንም አትርሱት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ስላለው የዘይትዝ የዘመናዊ አፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። የሕንፃውን ታሪክ በአንድ መስመር ማለፋችሁ ግን ቅር አሰኝቶኛል።

ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1924 ሥራ የጀመረ፣ 57 ሜትር ከፍታ ያለው የእህል ጎተራ ነበር። ከመሀል አገር የመጣው በቆሎ እዚያ ተመዝኖ፣ ደረጃ ወጥቶለት በመርከብ ወደ ባሕር ማዶ ይጫን ነበር። በ2001 ሥራው ቆመ፤ በ2017 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

አርክቴክቱ ቶማስ ሄዘርዊክ እህሉ ይከማችባቸው የነበሩትን 42 የኮንክሪት ቱቦዎች ጠራርጎ አላፈረሰም። የአንዲት የበቆሎ ፍሬን ቅርጽ አጉልቶ፣ በዚያው ልክ መሀላቸውን ፈልፍሎ አዳራሽ አወጣባቸው። የቱቦዎቹ ግድግዳ ስስ በመሆኑ ከመቆረጡ በፊት ከውስጥ በአዲስ ኮንክሪት መደገፍ ነበረበት። ከተሰቀሉት ሥዕሎች ከብዙዎቹ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ሥራ ነው፤ ሠዓሊዎቹ ይቅር ይበሉኝ።

አንድ እርማት አለኝ፦ ያደነቃችኋቸው እንደ ትራስ ያበጡ መስኮቶች የሙዚየሙ ሳይሆኑ ከላይ ላለው ውድ ሆቴል የተሠሩ ናቸው። ከሩቅ ዓይን የሚስበው ጌጥ ለሆቴሉ መድረሱ ያበሳጫል።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ በዚያ ወደብ እህል ሲጭኑ ስለኖሩት ሠራተኞችም አስነብቡን።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ