ደብዳቤ ለልጄ፦ አናጢው እየጠበቀ ነው

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ ቅዳሜ ገበያ ግን አሁንም በእግሯ ነው የምትወርደው። «ባጃጅ ያዢ» ስላት «ገንዘቡን ማን ሊሰጠኝ?» ትላለች። ታውቂያታለሽ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ ዘይት ዋጋ አውርተን ዘጋን። በጽሑፍ ይቅለለኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ይቅርታ። ያን ቀን «አባዬ፣ ማሳጅ ተምሬ ጨረስኩ፤ ጎንደር መጥቼ ግቢያችን ባለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ልጀምር ነው» ስትይኝ ስልኩን ዘጋሁብሽ። ልክ አልነበርኩም። ያስደነገጠኝ ሥራው ሳይሆን ቃሉ ነው። ማሳጅ የሚል ታፔላ ሰቅለው ሌላ ነገር የሚሸጡ ቤቶች መኖራቸውን አንቺም ታውቂያለሽ። ልጄ በዚያ ስም ስትጠራ ታየኝና ደሜ ፈላ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ግን እምዬ ትዝ አለችኝ።

አያትሽ ዕድሜዋን ሙሉ ስታሽ ነው የኖረችው። ከቁስቋም እስከ አዘዞ ድረስ እየመጡ ይወስዷት ነበር። ወለምታ ያገኘው፣ አንገቱ አልዞር ያለው፣ ወገቡ የተያዘ ሁሉ እሷን ነበር የሚጠራው። ለጋ ቅቤዋን መዳፏ ላይ አሙቃ ትጀምራለች። ስትጨርስ ቡና ይፈላላታል፣ ተመርቃና ተሸኝታ ትመለሳለች። አንድም ሰው «ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ሲላት አልሰማሁም። ያኔ ስሙ ማሸት ነበር። አሁን ስሙ ፈረንጅ ሲሆን እኔ አፈርኩበት።

በነገራችን ላይ ያ ስዊዲሽ ማሳጅ የምትዪውን ጉድ አነበብኩት። ስልቱን መልክ አስያዘ የሚባለው ሜዝገር የሚሉት የሆላንድ ሐኪም ነው። የእጅ አሠራሮቹ ስም ደግሞ ፈረንሳይኛ ነው። ስዊድን የት እንደገባች እንጃ። ፔትሪሳዥ የምትዪው ሊጥ ከማቡካት የመጣ ቃል መሆኑን ለእናትሽ ስነግራት «ታዲያ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ ኖርኩ?» አለችኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አባትሽ ዕድሜውን ሳኒቴሪያን ሆኖ የሰው ሽንት ቤትና ምንጭ ሲቆጣጠር የኖረ ነው። ስለዚህ ምክሬ ከውሃ ነው የሚጀምረው።

የውሃ ፈረቃችን እንደድሮው ነው። የአንገረብን ግድብ ደለል እየበላው፣ ከተማው ደግሞ እየሰፋ፣ ቧንቧው ሲመጣ እንግዳ እንደመጣ ነው የምንሯሯጠው። አንድ ደንበኛ ከሥር አንድ፣ ከላይ አንድ አንሶላ ይፈልጋል። ፎጣና የትራስ ልብስ ሳልቆጥር ማለት ነው። በቀን አራት ሰው ብትይዢ ስምንት አንሶላ ነው። ሐምሌ ላይ ልብስ በሦስት ቀንም ላይደርቅ ይችላል። ስለዚህ 24 አንሶላ ያስፈልግሻል ብዬ አቡጀዲ ገዝቻለሁ። እናትሽ ጠርዙን እየሰፋች ነው። አቡጀዲ ያልኩት ስለሚቀቀል ነው። ዘይት የጠጣ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ አይጠራም፤ ከርሞ ይሸታል። ደንበኛ ደግሞ ፊቱን የሚደፋው እዚያው ላይ ነው። አንድ ሰው የተኛበትን ገልብጠሽ ለሌላ ሰው እንዳታነጥፊ። «ንጹሕ ሰው ነው እኮ» አይባልም። የእከክ ተባይ በሰው ዓይን በቀላሉ አይታይም። ሮቶውንም አሳጥቤዋለሁ።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ከሰል ነው። ክረምት ላይ ሰርቪሷ ትበርዳለች። ልብሱን ያወለቀ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ አንቺም ምድጃውን ልታስገቢ ይቃጣሻል። በጭራሽ! የከሰል መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። ደንበኛሽ ማሳጁ ያስተኛት ይመስልሻል፣ አንቺም ራስሽን ሲያዞርሽ የደከመሽ ይመስልሻል። በሥራ ዘመኔ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ያሞቀው ቤተሰብ በር ሰብሬ አውጥቻለሁ፤ ከመካከላቸው ያልነቁ ነበሩ። ፍል ውሃ በጎማ ከረጢት እግራቸው ሥር አድርጊ፣ ጋቢ ደርቢላቸው። ዘይቱንም ከነብልቃጡ ሙቅ ውሃ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ። የላዩን መስኮት ደግሞ አስከፍቼዋለሁ፣ እንዳትደፍኚው።

ዘይቱ የሰሊጥ ይሁን። ከመተማና ከሁመራ ወገን ሰሊጥ ሲመጣ ኖሯል፤ አገሩ ነው። ኑግ ጨርቅ ያጠቁራል። ቅቤ ደግሞ የእምዬ ነው፣ ለሷ እንተውላት፤ ከቅቤ ሽታ ጋር ቢሮ የሚገባ የለም። ሰሊጥ የማይስማማው ሰው ግን አለ። መጀመሪያ ጠይቂ፣ ከክርናቸው በስተውስጥ ጠብ አድርገሽም እዪ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልጻፍልሽ። እምዬን ያስከበራት እጇ ብቻ አልነበረም። «ይሄ የኔ አይደለም» ማለት ትችል ነበር።

አንድ ጊዜ የሰፈራችን አራስ «እግሬን እሺልኝ» ብላ አስጠራቻት። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ የቅቤውን ዕቃ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። እምዬ ነጠላውን ገልጣ ሁለቱን እግሮች አየች። አንዱ አብጧል። በእጇ ጀርባ ነካ አደረገችው፣ ይተኩሳል። መልሳ ሸፈነችው። «አንዱ እግር ብቻ ሲያብጥ እጄ ይፈራል፤ ሆስፒታል ውሰዷት» አለች። ቤተሰቡ ተቀየመ። ኮራች አሉ። ተወሰደችና ተረፈች። ምክንያቱ የገባኝ ኮሌጅ ገብቼ ስማር ነው። እግሯ ውስጥ የረጋ ደም ነበር። አሽተሽ ብታላቅቂው ተነሥቶ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ይገድላል። እምዬ ፊደል አልቆጠረችም። ግን እጇ ይፈራ ነበር።

የማይፈራ እጅም አይቻለሁ። ደንቢያ ስሠራ አንድ ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርቀሃ ጠፍሮ አሰረው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ «እየገጠመ ነው» አሉት። በሦስተኛው ቀን እኛ ጋ ሲያመጡት ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። በጤና ጣቢያው መኪና ጎንደር አደረስነው። እጁን ቆረጡት። ያ ወጌሻ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ሰው አድኗል። ያን ቀን ግን «የኔ አይደለም» ማለት አልሆነለትም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ያዢ። ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ጠይቂ። ደም ግፊት አለ? ስኳርስ? ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል፤ አጥብቀሽ ብትጫኚው እንኳ አይነግርሽም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል? በቅርብ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል? ትኩሳት አለው? እርጉዝ ናት? የእርጉዝ ሆድ ማሸት እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ ይጠይቁሻል፣ ይለምኑሻል። ሕፃኑን ላቃናው የሚባል ነገር የለም፤ አትንኪ። ወገቤን ብሎ መጥቶ እግሬ ደነዘዘኝ፣ ሽንቴ አልታዘዝ አለኝ የሚልሽን በዚያው ቀን ሆስፒታል ላኪው። ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስቶች አሉ። አንቺ ፊዚዮቴራፒስት አይደለሽም፣ በታፔላም አትጻፊው።

ሌላው «ብርድ መታኝ» ነው። እዚህ ሁሉ በሽታ ብርድ ነው። «ብርዱን አውጪልኝ» ይሉሻል። ጡንቻቸው ይፍታታል፣ ይቀላቸዋል፣ እንቅልፋቸው ይመለስ ይሆናል። እሱን ንገሪያቸው። ነርቭ እፈውሳለሁ፣ መርዝ አወጣለሁ የሚሉትን ሰምቻለሁ። አንቺ ከነሱ አትሁኚ። ባትፎክሪም ደንበኛ አታጪም። እንጀራ ስትጋግር የዋለች አለች። ቀኑን ሙሉ ጎብጦ የሚውል የባጃጅ ሹፌር አለ። እስክስታ ስትመታ አድራ ትከሻዋ የተያዘ ታጋጥምሻለች። ከስቅለት ማግስት ደግሞ ተዪው! ሲሰግድ የዋለ ሁሉ ጭኑን ይዞ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። እናትሽ ከአሁኑ ቀጠሮ ያዢልኝ ብላለች።

ስለ ወንድ ደንበኞች አንቺ ትወስኛለሽ፤ ሙያሽ ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ዓመት ሴት ብቻ፣ እሱም በሚታወቅ ሰው በኩል ነው የምቀበለው። እናትሽ ግን «የፋሲል ከነማ ተጫዋቾች ቢመጡስ ልትመልሳቸው ነው?» ብላ ተከራከረችኝ። እኔም 2013 ላይ ዋንጫውን ያነሡ ጊዜ ፒያሳ ወጥቼ የጨፈርኩ ሰው ነኝ፣ መልስ አጣሁ። ቢሆንም አንዳንዱን ነገር ከወዲሁ ቁረጪው። ቤት ውስጥ ከኛ አንዳችን ሳንኖር ማንንም አትቀበዪ። በሩ ይገጠም እንጂ አይቆለፍ። ልብሳቸውን ሲያወልቁ አንቺ ውጭ ሁኚ። የምትሠሪበትን ብቻ ገልጠሽ ሌላውን ሸፍኚ። ሌላ ነገር የጠየቀ ሰው ካለ መከራከር የለም፣ እጅሽን ጠርገሽ መውጣት ነው። እኔ ግቢው ውስጥ ጽጌረዳ ስኮተኩት እገኛለሁ። ታፔላው ላይ ምን ይጻፍ ላልሽኝ «የሴቶች ማሳጅ፣ በቀጠሮ» ይበቃል ባይ ነኝ።

ዘመድ ግን ከሁሉም ይከብዳል። «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ትከሻዬን» እያለ የማይመጣ አይኖርም። ለለቅሶ የመጣ፣ ለማኅበር የመጣ፣ ሁሉም ትከሻ አለው። አንድ ጊዜ በነፃ ከነካሽ ዕድሜሽን ነው። ለዘመድ ዋጋ ቀንሺ፣ ግን ዜሮ አታድርጊው። ዋጋ ስታወጪ ሳሙናውን፣ ውሃውን፣ ዘይቱን ቁጠሪ። አንሶላውንም ሒሳብ ውስጥ አስገቢ፣ ያልቃልና። ከዚያ ጉልበትሽን። እኔም እከፍላለሁ፤ የአባት ነው ብለሽ እንዳትመልሺ።

ፈቃዱን በተመለከተ ቀበሌም ንግድ ቢሮም ሄጃለሁ። የሥልጠና የምስክር ወረቀትሽን ዋናውን ይዘሽ ነይ፣ ኮፒ አይበቃም። ብቃት ማረጋገጫ የሚባል ነገር አለ፣ ቲን ቁጥርም። ቀሪውን ስትመጪ አብረን እንሰለፋለን። ጡረተኛ ነኝ፣ ሰልፍ ለኔ መዝናኛ ነው።

ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። እምዬ ወደ መጨረሻዋ ላይ ነጭ ሽንኩርት መላጥ አቅቷት ነበር። አውራ ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። ሌሊት ጨው ያለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ትነክራቸውና ዝም ብላ ታያቸው ነበር። የሰው ሁሉ ሕመም በነዚያ ሁለት ጣቶች ነው ያለፈው። እሷን ማንም አላሸም። እኔም አላሸኋት፤ እንዴት እንደሚታሽ እንኳ አልጠየቅኳትም። አንቺ በአውራ ጣትሽ አትሥሪ። በክንድሽ፣ በክርንሽ፣ በሰውነትሽ ክብደት ደገፍ ብለሽ ሥሪ። በቀን አራት ሰው ካልኩሽ አራት ነው። አምስተኛው ነገ ይመጣል።

አልጋውን እዚሁ ሰፈር ያለው አናጢ ጀምሮታል። ስፖንጁ ላይ በቀላሉ የሚጠረግ ሌዘር ይለብሳል። ፊት የሚደፋበትን ቀዳዳም በላክሽልኝ ሥዕል መሠረት አውጥቶለታል፤ «ይሄ ለምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሳስረዳው ሃያ ደቂቃ ፈጀሁ። የቀረው እግሩ ነው። አናጢው በራሱ ቁመት ሊቆርጠው ሲል አስቆምኩት፤ እሱ ዘንካታ ነው፣ አንቺ የእናትሽ ልጅ ነሽ። በሥራ ጫማሽ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። እጅሽን ጨብጠሽ ወደ ታች ልቀቂው። ከጭብጥሽ አንጓ እስከ ወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ሌላ ሰው ይለካልሽ፤ ራስሽ ስትለኪ ታጎነብሻለሽ። እስከ ሐሙስ ደውዪልኝ።

አባትሽ
ጎንደር